የነርሲንግ ፈተና ጥናት፦ ለብቻ ከጥያቄ ጋር ወይስ በቡድን?

ጅማ ላይ ለነርሲንግ የሙያ ፈቃድ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይይዛሉ። ወይ የቆዩ ጥያቄዎችን ከቴሌግራም ሰብስበው ለብቻ ይሠራሉ፣ ወይ ሦስት አራት ሆነው በቡድን ያጠናሉ።

ጥያቄ መሥራት ፍጥነት ያስለምዳል። ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ መልሱን ብቻ መሸምደድ ይመጣል። ከሚዞረው ፋይል ውስጥ ደግሞ የተሳሳተ መልስ አይጠፋም።

ቡድን ግን «ለምን?» ይላል። የጠብታ ስሌትን እንይ። 1000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ፈሳሽ) በ8 ሰዓት እንዲገባ ታዘዘ፤ 1 ሚሊ ሊትሩ 20 ጠብታ ነው እንበል። በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይመጣል። 42ን የሸመደደ ልጅ፣ ሰዓቱ 6 ሲሆን ግራ ይገባዋል። 1000ን በ20 አባዝቶ፣ ሰዓቱን ወደ ደቂቃ ቀይሮ ማካፈልን ለጓደኛው ያስረዳ ግን 56 ገደማ ብሎ ያልፋል። ይሄ ስሌት ነገ የሰው ሕይወት ነው። ለዚህ ነው እኔ ለቡድኑ የማደላው።

እርግጥ ቡድን ወሬ ይበዛበታል። የጅማ ዝናብ ከያዘም ቀጠሮ ይፈርሳል። ሰፈራችሁ ቢቀራረብ ይሻላል።

የሌቭል (የቴክኒክና ሙያ) ተማሪዎች የሚወስዱት የብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ፣ ደግሞ የተግባር ምዘና አለው። እዚያ ጥያቄ መሸምደድ ብቻውን አያዋጣም። አንዱ እንደ ታካሚ ይተኛ፣ አንዱ ደም ግፊት ይለካ፣ ሦስተኛው ቼክሊስት ይዞ ይከታተል። እጅ መታጠብ ወይም ለታካሚው ማስረዳት ከተዘለለ እዚያው ይናገር።

የጥያቄ ፋይሉን ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት አቆዩት፤ ያኔ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩት።