ጅማ ላይ ለመሥራት ስትመጣ፦ በአየር ወይስ በመኪና?

ጅማ ላይ ገንዘቡን ሊያፈስ ያሰበ ወዳጅ ሲያማክረኝ፣ መጀመሪያ የማነሳለት መንገዱን ነው።

አውሮፕላኑ ቀላል ነው። ከቦሌ ተነስቶ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ያደርስሃል። ስብሰባ ብቻ ካለህ ከዚህ የተሻለ የለም።

መኪናው ግን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀንህን ይበላል። ወልቂጤን አልፈህ ወደ ጊቤ በረሃ ስትወርድ ወበቁ ፊትህን ይመታሃል። ከወዲያ ቡና የጫነ አይሱዙ ዳገቱን በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ታያለህ። ነገ ያንተም ዕቃ የሚወጣው በዚያው ዳገት ነው። የነዳጁን፣ የጎማውን፣ የፍሬን ሸራውን ወጪ እዚያው ቆም ብለህ አስላው። ከአውሮፕላን መስኮት ይሄ አይታይም።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ በጣም ነበር ደስ ያለኝ። ግን ሼድና መብራት ብቻውን ፋብሪካ አያቆምም፤ ምርቱ ወደብ መድረስ አለበት። ጅማ ደግሞ ባቡር የላትም። ሁሉም ነገር በዚህ አስፋልት ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በመኪና ና፣ ወንድሜ። ለሐሙስ ገበያ ድረስ፤ ቡናውንም ማሩንም እጅህ ላይ አድርገህ እየው። የመመለሻውን በአየር ቁረጥ።