ወገቤ ውስጥ የተቀመጠው ክሪክ፦ ስለ ተስተካካይ የአከርካሪ ኬጅ

ኮምቦልቻ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ አስተምራለሁ፤ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ቶርኖ ፊት ቆሜ ነው። ወገቤ ላይ በ4ኛውና በ5ኛው አከርካሪ መካከል ያለው ዲስክ አልቆ፣ የላይኛው አጥንት በታችኛው ላይ ወደ ፊት ተንሸራትቶ፣ ሕመሙ በግራ እግሬ ወርዶ እስከ አውራ ጣቴ ሲነዝረኝ 2 ዓመት ያህል በኪኒንና በቀበቶ ገፋሁት። በመጨረሻ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ሁለቱን አጥንቶች የማጣበቅ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ይህ ግምገማ በዲስኩ ቦታ ስለተተከለልኝ፣ ከገባ በኋላ ከፍታው ስለሚስተካከል ኬጅ (በሁለቱ አጥንቶች መካከል የሚገባ ውስጡ ክፍት የሆነ ትንሽ ድጋፍ) ነው፤ ከተተከለ 14 ወር ሞልቶታል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረኝ ቀጠሮ ሐኪሙ የማሳያውን ናሙና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከቴምር ጥቂት የሚያንስ የቲታኒየም ቅይጥ ነው፤ የላይና የታች ገጹ አጥንት እንዲይዝ ሻካራ ሆኖ ተሠርቷል፣ ጫፉም በቀላሉ እንዲገባ ሾጠጥ ብሏል። እጀታውን ከኋላው ገጥመው ሲያዞሩት በውስጡ ያለው ቀጭን ብሎን ሁለት ሽብልቆችን ስቦ ያቀራርባቸዋል፣ ገጾቹም ሳይንጋደዱ ቀስ ብለው ይለያያሉ። ሳላስበው «ይኼማ ክሪክ ነው» አልኋቸው፤ አባቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ስለነበር ኤንትሬ ሥር ተኝቼ ክሪክ ሳዞር ነው ያደግሁት። እሳቸውም ስቀው «አብሽሩ መምህር፣ ጎማ አንቀይርም» አሉኝ፤ ለካ የወሎ ሰው ኖረዋል።

ከፍታው የማይለወጠው የተለመደው ኬጅ በ1 ወይም በ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት በተለያየ መጠን ይመረታል። ሐኪሙ መሞከሪያዎቹን አንድ በአንድ አስገብቶ ካየ በኋላ የመረጠውን ኬጅ ከነሙሉ ከፍታው በነርቩ አጠገብ በመዶሻ እየመታ ያስገባዋል። ችግሩ የዲስኩ ቦታ በኋላ በኩል አፉ ጠባብ፣ መሐሉ ግን ሰፋ ያለ መሆኑ ነው፤ በአፉ ልክ የተመረጠ ኬጅ ውስጥ ሲደርስ ሊላላ ይችላል፣ በውስጡ ልክ የተመረጠው ደግሞ ሲገባ አጥንቱንም ነርቩንም ያስጨንቃል። ተስተካካዩ ኬጅ ዝቅ ብሎ ይገባና ቦታው ላይ ከደረሰ በኋላ ይነሣል። በቀዶ ሕክምናው ሪፖርት እንደተጻፈው የእኔው በ8 ሚሊ ሜትር ገብቶ 11 ላይ ቆሟል፤ በዚያች 3 ሚሊ ሜትር ነው የነርቩ መውጫ ቀዳዳ የተከፈተው።

የዚህ ዓይነት ኬጅ የንድፍ ብቃት የሚለካው ግን እስከ ስንት እንደሚከፈት ሳይሆን የት መቆም እንዳለበት ለሐኪሙ እጅ በማሳወቁ ነው። ብሎንና ሽብልቅ የእጅን ጉልበት ብዙ እጥፍ ያደርጉታል፤ የቲታኒየም ቅይጡ ግትርነት 110 ጊጋ ፓስካል ገደማ ሲሆን የጠንካራው አጥንት ከ20 አይበልጥም፣ ስለዚህ ብረቱ ሲገፋ የሚሸነፈው አጥንቱ ነው። በተለይ አጥንቱ በዕድሜ የሳሳ ሰው ላይ ኬጁ ወደ አከርካሪው ገጽ ይሰምጥና የተገኘው ከፍታ ተመልሶ ይጠፋል። ብሎን እስኪበጠስ ካላጠበቁ ያጠበቁ የማይመስላቸው ተማሪዎች ስላሉኝ ይህን አደጋ አሳምሬ አውቀዋለሁ። የናሙናው እጀታ ከተወሰነ ጉልበት በላይ ሲዞር ቀጭ ብሎ ይስታል፤ ካታሎጉ በትልቁ የጻፈው የመጨረሻው ከፍታ ቁጥር ግን ለእኔ ከዚህች ድምፅ ያነሰ ዋጋ አለው።

ዋናው ቅሬታዬ የውስጡ ባዶነት ላይ ነው። ሁለቱን አጥንቶች ለዘለቄታው የሚይዛቸው በኬጁ ውስጥ አልፎ የሚያድገው አጥንት እንጂ ብረቱ አይደለም፤ ኬጁ ጊዜያዊ ምሰሶ ነው። ቋሚው ኬጅ እንደ መስኮት ሰፊ ክፍት ስላለው የአጥንት ፍርፋሪ በደንብ ይታጨቅበታል፣ የተስተካካዩን ሆድ ግን ብሎንና ሽብልቅ ይዘውታል። በዚያ ላይ ገጾቹ ሲለያዩ ቀድሞ የተሞላው ፍርፋሪ ከአከርካሪው ገጽ ይርቅና ክፍተት ይፈጠራል። የእኔው ከተከፈተ በኋላ በእጀታው ቀዳዳ ተጨማሪ ፍርፋሪ መግፋት ስለሚቻል ጉድለቱ ተቃልሏል፤ ይህ ቀዳዳ የሌለውን ሞዴል አልመክርም። ብረቱም ራጅን ስለሚጋርድ አጥንቱ መሻገሩን ለማየት ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። ፒክ ከሚባለው ፕላስቲክ የሚሠራው ኬጅ ግን ራጅ ያሳልፋል።

የኬጅ ታሪክ የሚጀምረው ከፈረስ መሆኑን ለአባቴ ስነግረው ደስ ብሎት ነበር። ጆርጅ ባግቢ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ቅርጫት አሠርቶ የአንገት አከርካሪያቸው ችግር ያለባቸው ፈረሶች ላይ ተተከለ፤ ከዚያ ሐሳብ የወጣው የሰው ኬጅ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው።

የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሶላት የሰገድሁት ወንበር ላይ ነበር፤ አሁን ሩኩዕም ሱጁድም ያለ ችግር እወርዳለሁ። የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ወጥቼ ደሴ ስደርስ ወገቤ ይደክመዋል እንጂ እግሬን አይነዝረኝም። በዓመቴ የተነሣሁት ሲቲ ስካንም አጥንቱ መሻገሩን አሳይቷል። ምስጋናው ግን የኬጁ ብቻ አይደለም፤ 4 ብሎንና 2 ዘንግ ከኋላ ሆነው አብረው ይዘዋል፣ እስካሁን በተደረጉ ንጽጽሮችም ተስተካካዩ ኬጅ ሕመምን በመቀነስ ከቋሚው ጎልቶ አልበለጠም። ስለዚህ የዲስኩ ቦታ በጣም ለጠበበበት ሰው ተጨማሪውን ዋጋ ያወጣል፣ አጥንቱ ለሳሳ ሰው ግን አስቀድሞ የአጥንት ጥግግት ምርመራ ሳይደረግ መተከል የለበትም እላለሁ። ለክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች አንድ ተስተካካይ ኬጅ የብዙ ቋሚ መጠኖችን ቦታ መተካቱም ቀላል ነገር አይደለም።

በሂሳብ ደረሰኜ ላይ ይህ ሁሉ ብልሃት «ኢምፕላንት» በሚል አንድ ቃል ብቻ ነው የተጻፈው። የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉንና የምርት ቁጥሩን የያዘችው ተለጣፊ ወረቀት የሕክምና ማኅደሬ ውስጥ ቀርታ፣ ቅጂዋን ለማግኘት ከኮምቦልቻ 2 ጊዜ ተመላልሻለሁ። እንዲህ ዓይነት ቀጠሮ ያላችሁ ከሆስፒታሉ ሳትወጡ ጠይቁ፤ የእኔዋ አሁን ከራጁ ጋር በአንድ ፖስታ ተቀምጣለች።