የጁገል (በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ) የቀበሌ ቤት ክርክር በሽምግልና፦ ያዋጣል?

ያዋጣል፤ ጉዳዩ ኪራይ፣ ጥገና ወይም የወጪ ድርሻ ከሆነ። ባለቤትነት ለሚጠይቅ ግን ጊዜ ማባከን ነው፤ በአዋጅ 47/1967 የተወረሰን ቤት ሽማግሌ አይመልስም። በአዋጅ 1237/2013 መሬት ነክ ክርክር በግልግል ዳኝነትም (ተከራካሪዎቹ በመረጡት ዳኛ) አይታይም።

የሽምግልናው ምርጡ ነገር ቤቱ ድረስ መኬዱ ነው። ተከራዩና የቤቶች ባለሙያው ግድግዳው ሥር ቆመው ሲያዩት ክርክሩ ግማሹ ይቀላል፦ ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘ ነው፤ ላዩ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከ«ነደባው» (ከሐረሪ ቤት የመቀመጫ መደብ) በላይ ልስኑን አሳብጦ አራግፎታል። «ማን ይጠግን» ከማለት በፊት «ሲሚንቶውን ማን ለሰነው» የሚለው ይመለስ። ለዚህ ቀን ያለበት ፎቶ፣ የኪራይ ውልና ደረሰኝ ያስፈልጋል።

ድክመቱ ፊርማው ላይ ነው። ቤቱን የሚያከራየው መሥሪያ ቤት አንዳንዴ ውክልና የሌለው ባለሙያ ይልካል፤ ሻይ ተጠጥቶ፣ እጅ ተጨባብጦ ካበቃ በኋላ ኃላፊው «አላውቀውም» ይላል። የውክልና ደብዳቤው በመጀመሪያው ቀን ይጠየቅ። ቃለ ጉባኤው ላይም በኖራ እንደሚለሰን፣ ከፋዩና የማጠናቀቂያው ቀን ይስፈር። ጁገል ቅርስ ስለሆነ ደግሞ በአዋጅ 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣኑ አስቀድሞ ሳይፈቅድ፣ ዕርቅ ቢወርድም መዶሻ አይነሳም።