የረግረግ ኦርኪድ በመትከያ ዕቃ፦ ተክሉ የሚመሰገን፣ መመሪያው የሚያሳስት

ከሁለት ዓመት በፊት በመጋቢት መግቢያ ላይ በእንግሊዝ ከሚገኝ አንድ የችግኝ ጣቢያ ሦስት ደቡባዊ የረግረግ ኦርኪዶችን በፖስታ አስመጣሁ። በሳይንሳዊ ስሙ ዳክቲሎራይዛ ፕሬተርሚሳ የሚባለው ይህ ተክል በደቡብ እንግሊዝና በዌልስ እርጥብ ሜዳዎች፣ በባሕር ዳር የአሸዋ ክምሮች መካከል ባሉ ረባዳ ቦታዎችና በኖርፎክ ረግረጎች ውስጥ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል የዱር አበባ እንጂ በየቤቱ መስኮት ላይ የምናየው የሞቃት አገር ኦርኪድ አይደለም። ይህን ከመነሻው የማነሣው፣ በዕቃው ላይ ያለኝ ቅሬታ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሻጩ ይህንኑ ልዩነት ከመዘንጋቱ የመነጨ ስለሆነ ነው።

አስተሻሸጉን በተመለከተ የምወቅሰው የለም። ተክሎቹ በእርጥብ ወረቀት ተጠቅልለው፣ ቅጠላቸው ሳይሰበር ደርሰዋል። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር አንዱን መትከያ ገልብጬ አፈሩን በጣቴ ቀስ እያልሁ ማራገፍ ነበር። ከአፈሩ ውስጥ የወጣው ወፍራም ሥር የሕፃን መዳፍ ይመስላል፤ ነጣ ያለ፣ ውሃ የጠገበ፣ ጫፉ ላይ ወደ ሦስትና አራት ጣት የተከፋፈለ ነው። የወገኑ ስም ዳክቲሎራይዛ የተባለውም በግሪክኛ ዳክቲሎስ ጣት፣ ራይዛ ደግሞ ሥር ማለት ስለሆነ ነው። ከዚሁ መዳፍ አንገት ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል አንዲት ነጭ እምቡጥ ብቅ ብላ ነበር። እርሷ የሚቀጥለው ዓመት ተክል ናት። ያሁኑ ሥር ስንቁን ለግንዱና ለአበባው እያዋጣ ሲኮማተርና ሲጠቁር እርሷ እያበጠች ትሄዳለች፤ የአውሮፓን ብርዳማ ክረምት ከመሬት በታች የምታሳልፈውም እርሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ተክሉ በየዓመቱ ራሱን በአዲስ ይተካል ማለት ነው፤ አንድ ዓመት በደንብ ያልበላ ተክል ጉዳቱ የሚታወቀው በዚያው ዓመት ሳይሆን በቀጣዩ ጸደይ ነው። ይህ ነጥብ ከታች ስለምነግራችሁ ሞት ብዙ ያስረዳል።

ዋጋው ከሌሎች የአትክልት ስፍራ አበቦች አንጻር ከፍ ያለ ቢሆንም አላስከፋኝም፤ ምክንያቱም ከመለያው ካርድ ላይ ተክሎቹ በቤተ ሙከራ ከዘር የተባዙ መሆናቸው ተጽፏል። የኦርኪድ ዘር ማለት ብናኝ ማለት ነው። ቻርልስ ዳርዊን የቅርብ ዘመዱ በሆነው ባለነጠብጣብ ኦርኪድ ላይ ቆጥሮ በአንዲት ፍሬ ውስጥ 6,200 ያህል ዘር፣ ሠላሳ ፍሬ ባለው አንድ ተክል ላይም 186,300 ዘር እንደሚኖር አስልቶ ነበር። እንዲህ የበዛው ዘር ስንቅ የሚባል ነገር የለውም፤ ባቄላ ወይም በቆሎ በሆዱ ይዞት የሚሄደውን ምግብ ኦርኪድ አልያዘም። አፈር ውስጥ ተስማሚ ፈንገስ ካላገኘና ፈንገሱ ካልመገበው በቀር አያድግም፤ ዓለም ምሥጢሩን የተረዳውም ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር እ.ኤ.አ. በ1899 በበቀሉ የኦርኪድ ዘሮች ውስጥ ፈንገሱን ካገኘ በኋላ ነው። አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1922 ስኳር ባለበት የላቦራቶሪ ምግብ ላይ ያለ ፈንገስም ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ በፖስታ የሚመጣልን ተክል የዚያ ሥራ ውጤት ነው። ከዘር እስከ አበባ ጥቂት ዓመታት ስለሚወስድ ሻጩ የሚያስከፍለው የእነዚያን ዓመታት ድካም ነው።

ከዘር መራባቱን ማረጋገጥ የደንበኛ ቅንጦት አይደለም። የኦርኪድ ቤተሰብ ጥብቅ በሆነው በመጀመሪያው ዝርዝር ከገቡት ጥቂቶች በቀር በሙሉ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ የገባ ሲሆን፣ በብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ ማንኛውንም የዱር ተክል መንቀልን ይከለክላል። በቱርክ የእነዚህ ኦርኪዶች ሥር ደርቆና ተፈጭቶ ሳሌፕ ለሚባለው ትኩስ መጠጥና ለአይስክሬም ስለሚውል ከሜዳ የሚቆፈረው ተክል ብዙ ነው። የእኔዎቹ ተክሎች ሥር በአካፋ ያልተቆረጠ፣ አፈራቸውም የሌላ ሜዳ አረም የሌለበት አንድ ዓይነት አፈር ስለነበረ የካርዱን ቃል አምኜዋለሁ።

አፈሩ ግን ከተክሉ ጋር የሚሄድ አይደለም። የተላከልኝ ከፒት፣ ማለትም ከአሮጌ ረግረግ ተቆፍሮ ከወጣ አሲዳማ ብስባሽ የተዘጋጀ ነበር። ደቡባዊው የረግረግ ኦርኪድ በአብዛኛው የሚመርጠው አሲዳማ ያልሆነውን፣ ብዙ ጊዜም ኖራ ያለበትን እርጥብ አፈር ነው። አንዱን ረግረግ ቆፍሮ የሌላውን ረግረግ አበባ በማይስማማው አፈር መሸጥ ምን የሚሉት አሠራር እንደሆነ አልገባኝም።

ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልግባ። ከእሽጉ ጋር የመጣው የመመሪያ ወረቀት አራት ትእዛዞች ነበሩት፦ አፈሩ እስኪደርቅ ጠብቆ በሳምንት አንድ ጊዜ ማጠጣት፣ በየሁለት ሳምንቱ የኦርኪድ ማዳበሪያ መጨመር፣ ከቀጥተኛ ፀሐይ መከለል፣ እና ቤት ውስጥ ማስቀመጥ። ይህ ወረቀት የተጻፈው በዛፍ ቅርፊት ላይ ተንጠልጥሎ ለሚኖር የሞቃት አገር ኦርኪድ እንደሆነ አያጠራጥርም። የረግረጉ ኦርኪድ ከአራቱም በተቃራኒ ይኖራል።

ውሃውን እንመልከት። ተክሉ በሚያድግበት ወራት ሥሩ ከቶ መድረቅ የለበትም፤ ነገር ግን ረግረግ ማለት የቆመና የሸተተ ውሃ ማለት አይደለም። ይህ አበባ በብዛት የሚገኝበት ሜዳ ውሃው ከሥር ቀስ እያለ የሚያልፍበት፣ የላይኛው ጥቂት ጣት አፈር ግን አየር የሚያገኝበት ነው። በሰኔ አንድ እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ተንበርክኬ እጄን በሣሩ መካከል ስሰድ መዳፌ ወዲያው ራሰ፤ ጣቴን ሳወጣ ግን የጸዳ የአፈር ሽታ እንጂ የበሰበሰ ነገር ሽታ አልነበረውም። የብርሃን ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ ሸምበቆና ቁጥቋጦ ሲውጠው ከዓመት ዓመት እየመነመነ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሜዳው አበባው ፍሬ ካፈራ በኋላ መታጨድ ወይም በከብት መጋጥ አለበት። ቅዝቃዜውንም ይፈልጋል፤ በክረምት መሬት ውስጥ ተኝቶ ያርፋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመው ረሀብ ወዳድነቱ ነው። ድንጋይ ከሰል ያቃጥሉ ከነበሩ የብሪታንያ የኃይል ማመንጫዎች የወጣ አመድ በተከመረባቸው ኩሬዎች ላይ፣ የአመዱ ጨው በዝናብ እየታጠበ ከሄደ ከዓመታት በኋላ፣ ይህ ኦርኪድ በሺህ የሚቆጠር ሆኖ በቅሎ ተገኝቷል። አመዱ ኖራማ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ናይትሮጅን ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ኦርኪዱን ውጦ የሚያስቀር ፈጣን ሣር አይኖርበትም። ማዳበሪያ የተረጨበት ሜዳ ላይ ግን ሣሩ ይፋፋል፣ ኦርኪዱ ይሸፈናል። በመትከያ ዕቃ ውስጥ የሚሻማ ሣር ባይኖርም ሌላ ችግር አለ፤ የዚህ ተክል ቀጫጭን ሥሮች ጥቂትና እምብዛም ቅርንጫፍ የሌላቸው ናቸውና የማዳበሪያ ጨው ሲጠራቀም በቀላሉ ይቃጠላሉ።

ሦስት ተክል ስለነበረኝ አንዱን ወረቀቱ እንደሚለው፣ ሁለቱን ደግሞ ሜዳው እንደሚለው ለመያዝ ወሰንሁ። (ሦስት ዕቃ ጥናት አይባልም፤ አውቃለሁ።) ለሁለቱ አፈሩን በቅጠል ብስባሽ፣ በሸካራ አሸዋና በጥቂት ተራ አፈር ቀየርሁት፤ ዝናብ ውሃ ባለበት ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አድርጌም ውጭ ፀሐይ ላይ አኖርኋቸው። የወረቀቱ ተክል በሦስተኛው ሳምንት ከሁሉም በላይ ለምልሞ ስላየሁት ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር። በግንቦት ግን የቅጠሎቹ ጫፍ ጠቆረ፣ ጥቁረቱም ወደ ውስጥ ገፋ፤ አበባው ሳይከፈት እምቡጡ ደረቀ። በመስከረም ስገለብጠው አሮጌው ሥር ተኮማትሮ ነበር፣ አዲሷ እምቡጥ ደግሞ ከምስር ፍሬ ብዙም ያልበለጠች፣ ስትጫን የምትፈርስ ሆና አገኘኋት። በቀጣዩ ጸደይ ከዚያ ዕቃ የወጣ ነገር የለም።

ሁለቱ ግን በሰኔ አበቡ፤ በሁለተኛውም ዓመት ደገሙት። አበባው ሲከፈት አንድ ሌላ ጉዳይ ተገለጠ። ደቡባዊው የረግረግ ኦርኪድ ቅጠሉ ነጠብጣብ የለውም፤ ግንዱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ በሁለት ጣት ቀስ ብለው ሲጫኑት ገባ ይላል፤ የአበባው ከንፈርም ሰፊ፣ ጠርዙ ብዙም ያልተከፋፈለ፣ መሐሉ ላይ ብቻ ጥቃቅን ነጥቦች ያሉበት ነው። አንዱ ተክሌ ይህን ሁሉ ያሟላል። ሁለተኛው ግን በቅጠሉ ላይ የደበዘዙ ነጠብጣቦች፣ በከንፈሩ ላይም በግልጽ የተከፋፈሉ ሦስት ክፍሎችና የተጠማዘዙ መስመሮች አሉት፤ ግንዱም ሲጫኑት ይጠነክራል። ይህ ከተለመደው ባለነጠብጣብ ኦርኪድ ጋር የተዳቀለ ነው።

መዳቀል በዚህ ወገን አዲስ ነገር አይደለም። ደቡባዊው ዝርያ ራሱ ከጥንት ባለነጠብጣብ ኦርኪድና ቀደም ብሎ ከሚያብበው የረግረግ ኦርኪድ ተዳቅሎ ክሮሞዞሙን፣ ማለትም የዘር ውርስ ተሸካሚ የሆኑትን የሕዋስ ክሮች፣ በእጥፍ በማብዛት የተገኘ ነው፤ ወላጆቹ 40 ክሮሞዞም ሲኖራቸው እርሱ 80 አለው። በመልክ ከዘመዶቹ ጋር ስለሚምታታም እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆርጅ ክላሪጅ ድሩስ እ.ኤ.አ. በ1914 ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ ሲሰይመው «ፕሬተርሚሳ» ብሎታል፤ የታለፈ፣ ልብ ያልተባለ ማለት ነው። ቢሆንም ዲቃላውን በንጹሕ ዝርያ ስም መሸጥ ተገቢ አይደለም። ለዓይን ዲቃላው እንዲያውም ያምራል፤ ከወንድሙ በቁመት ይበልጣል። ነገር ግን የዱሮቹ በሚበቅሉበት ሜዳ አጠገብ ለሚተክለው ሰው መለያው የተሳሳተ ተክል ትልቅ ጉድለት ነው።

ተክሉ በቅርብ ሲታይ የሚሰጠውን ደስታ ሳልናገር ባልፍ ግን ፍርዴ ያዳላ ይሆናል። አበቦቹ ከታች ወደ ላይ ተራ በተራ ይከፈታሉ። የአበባው አንገት የሚመስለው፣ በኋላ ፍሬ የሚሆነው ክፍል እንደ ተፈተለ ክር የዞረ ነው፤ ከንፈሩ ንብ የምታርፍበት መድረክ ሆኖ ወደ ታች የሚውለው በዚህ መዞር ነው። ከንፈሩ ኋላ ያለው ረጅም ቀንድ ቅስም፣ ማለትም ንብ የምትቀስመውን ጣፋጭ ፈሳሽ፣ የያዘ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ለንቢቱ የሚሆን ቅስም የለም። ጠጉራሟ ትልቅ ንብ ስትገባ ከልፋት በቀር የምታገኘው ነገር አይኖርም። የተቀረጸ እርሳስ ጫፍ ቀስ አድርጌ ወደ አበባው አፍ ሳስገባ፣ ሁለት ጥቃቅን ዱላ የመሰሉ የአበባ ዱቄት እሽጎች ተጣብቀውበት ቀጥ ብለው ወጡ። ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅሁ፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱም ሰው አንገቱን እንደሚደፋ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1862 በዘመዶቹ ላይ የገለጸው ይኸው እንቅስቃሴ ነው። ዱላዎቹ ቀጥ ብለው ቢቀሩ ኖሮ በሚቀጥለው አበባ ላይ የሚመቱት የዱቄቱን ማደሪያ በሆነ ነበር፤ ሲጎነበሱ ግን ዱቄቱን የሚቀበለውን ተጣባቂ ስፍራ ያገኙታል።

እንግዲህ ውጭ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ፣ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃና ማዳበሪያ ላለመጨመር የሚበቃ ትዕግሥት ላለው ሰው ይህን ተክል ግዛ እለዋለሁ፤ ቀንድ አውጣ አበባውን በአንድ ሌሊት ስለሚጨርሰው ምሽት ላይ መጎብኘትም አይርሳ። ለመስኮት ጌጥ የሚፈልገው ግን ገንዘቡን ባያባክን ይሻላል።

ስለ ሞተው ተክልና ስለ ዲቃላው ለችግኝ ጣቢያው ጽፌ ነበር። በትሕትና መለሱልኝ፤ ያለ ክፍያም ምትክ ላኩ። ምትኩ በዚህ መጋቢት ደረሰ፤ ጤነኛ ነው፣ ሥሩም ያማረ ነው፤ ከሥሩ ታጥፎ የመጣው የመመሪያ ወረቀት ግን ያው የድሮው ነው።