ለመጎተት አቅም፦ ቱርቦ መግጠም ወይስ ሞተር መቀየር?

ከመተማ ሰሊጥ ጭኖና ተሳቢ አስከትሎ ወደ ጎንደር የሚመጣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ መኪና ዳገቱ ላይ ቢደክም ጥፋቱ የሾፌሩ አይደለም፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ እንዲህ ያለው ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል።

ቱርቦ በጭሱ ጉልበት እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚያስገባ፣ ይህን እጥረት ከምንጩ ይሞላል። ወጪው ሞተር ከመቀየር ያንሳል፤ የሞተር ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር እንደተስማማ ይቆያል። ሆኖም ያለ ቱርቦ የተሠራ ሞተር ፒስተኑም ሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ራስ ሥር የሚገባው ማሸጊያ) ለዚያ ግፊትና ሙቀት አልተዘጋጁም፤ መካኒኩ ኃይል ለመጨመር ብሎ የናፍጣ ፓምፑን ከልክ በላይ ከከፈተው መጀመሪያ ጥቁር ጭስ ይታያል፣ ዳገቱ ሲረዝም ደግሞ ፒስተን እስከ መቅለጥ ይደርሳል። ስለዚህ የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳይገጠም ሥራው አለቀ ሊባል አይገባም።

ትልቅ ሞተር ሲገባ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለየው)፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እና ራዲያተሩ አብረው መታየት አለባቸው፤ ሊብሬውም ይስተካከላል። ትልቁ ጥቅሙ በእኔ እምነት ቁልቁለት ላይ ነው፤ ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ ሲወረድ በከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ መኪናውን አጥብቆ ስለሚይዝ ፍሬኑ ከመጋል ይድናል፤ ቱርቦ ብቻውን ይህን አይሰጥም።

ሞተሩ ጤነኛ ከሆነና ሥራው በአብዛኛው የመተማ መስመር ከሆነ መጠነኛ ግፊት ያለው ቱርቦ እመርጣለሁ። ዘይት መብላት በጀመረ ሞተር ላይ ግን ቱርቦ መጫን ገንዘብ ማባከን ስለሆነ፣ መቀየሩ ይሻላል።