ጉድለቱ ይቅደም ወይስ ደግነቱ?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ በርበሬ እየሸጠ ሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ ዋና ገጸ ባሕርይ ይሁን እንበል። አንባቢ እንዲወደው ሁለት መንገድ አለ።

ደግነቱን ማስቀደም ቀላሉ ነው፤ መጀመሪያ ለታመሙት ጎረቤቱ መድኃኒት ይገዛል፣ ማጭበርበሩ ኋላ ይመጣል። በረጅም ልቦለድ ያስኬዳል፤ ከዘገየ ግን አንባቢ ተታለልኩ ይላል።

ጉድለቱን ማስቀደም ይከብዳል፣ እኛ ግን በተለይ ለአጭር ልቦለድ ይህን እንመርጣለን። ነጋዴው የሚዛኑን ሳህን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ልጅ ላዘለች አንዲት ገዢ ኪሎዋን ያጎድልባታል፤ ወዲያው ደግሞ ያዘለችው ልጅ የጣለውን ጫማ አንስቶ እስከ ባጃጇ ድረስ ይሮጣል። ሁለቱ በአንድ ትዕይንት ካልተገናኙ አይሠራም። ጉድለቱ ሰው ይጉዳ፣ እሱንም ዋጋ ያስከፍለው፤ «ሰው ማመን ያበዛል» የሚባለው ጉድለት ሳይሆን ሙገሳ ነው።

ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያበላሸው የደራሲው ችኮላ ነው፦ ገና ሳንቀየመው የልጅነት ድህነቱን ይተርክልናል። ያኔ ጥፋቱ ክብደት ያጣል። ከማስረዳት ይልቅ የሚፈራውን አንድ ነገር ማሳየት ይበቃል፤ የኪራይ ቀን ሲደርስ አከራዩን ከሩቅ አይቶ በጓሮ በኩል ይዙር።