ለመቀሱ ዜሮ፦ ስለ አንድ የደሴ ፋርማሲና ስለ ወንድሜ ክኒን

ኮከብ ስጡ ካላችሁኝ ለፋርማሲው ሦስት፣ ለክኒኑም ሦስት። የክኒን እሽጉን (ስትሪፑን) ለሚቆርጡበት መቀስ ዜሮ።

ፋርማሲው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው። ስሙን አልጠራም። ልጆቹ ደጎች ናቸው፤ ደግሞ እነሱ የሚያደርጉትን ጎረቤታቸውም ያደርገዋል። እኛ ኮምቦልቻ ነን። ኮምቦልቻ ፋርማሲ ጠፍቶ ሳይሆን የወንድሜ ክኒን አንዳንዴ ስለሚጠፋ፣ ሐኪሙም ደሴ ስለሆነ፣ በየወሩ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥተን፣ ሹራብ ደርበን፣ ቀጠሮውንም ግዢውንም ባንድ ቀን ጨርሰን እንወርዳለን።

ጥሩ ጥሩውን ላስቀድም። ዋጋቸው ከሌላው በጥቂት ብር ይቀንሳል። "ሐሙስ ይገባል" ካሉ ሐሙስ ይገባል። ከሁሉም የምወድላቸው ግን ድምፃቸውን ቀነስ ማድረጋቸውን ነው። ሌላ ቦታ የአእምሮ መድኃኒት ማዘዣ ስትሰጡ ሻጩ ወረቀቱን አይቶ፣ ፊታችሁን አይቶ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪዞር "ለማን ነው?" ይላል። እዚህ ያለችው ልጅ ግን "አብሽሪ እህቴ፣ ይሻለዋል" ብላ ነው የምትሰጠኝ። በዚህ ብቻ አምስት በሰጠኋቸው ነበር።

አሁን ክኒኑ። ኦላንዛፒን፣ 10 ሚሊግራም። ይሠራል። ይሄን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ወንድሜ ከሱ በፊት ሌሊቱን በር ሲከፍት ሲዘጋ ነበር የሚያነጋው። እማ ጠበል ወሰደችው፣ አያታችን ዱዓ አስደረገችለት፣ ሁለቱም ለሱ ብለው ተባበሩ። ክኒኑን በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፍ ተኛ። በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ተነስቶ "ዛሬ ቡና የለም እንዴ?" አለ። እማ ያን ቀን እያለቀሰች ነው የቆላችው።

ከዚያ መብላት ጀመረ። መጀመሪያ ደስ አለን፤ ልጅ በላ ተብሎ የሚከፋው ቤት የለም። ከ58 ኪሎ ተነስቶ በዓመቱ 83 ገባ። ሱሪ ሦስቴ ቀየርንለት። ጎረቤቱ "አማረበት" ይላል። ቀጥሎ ውሃ ጥም መጣ። ጀሪካኑን አልጋው ሥር እያስቀመጠ፣ ሌሊቱን ሽንት ቤት እየተመላለሰ። ስኳሩ ሲለካ ማሽኑ 340 አለ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በዘራችን ስኳር ያለበት ሰው አናውቅም።

ያናደደኝ በሽታው አይደለም። የታወቀ ነገር መሆኑ ነው። መድኃኒቱን መጀመሪያ ያወጣው ኤሊ ሊሊ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ዚፕሬክሳ ብሎ። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የዚህ ዘር መድኃኒቶች ሁሉ ወረቀታቸው ላይ የስኳር ማስጠንቀቂያ ይግባ አለ። በ2005 ኩባንያው፣ ስለ ስኳሩ በወጉ አልተነገረንም ብለው ከተነሱበት 8,000 ገደማ ሰዎች ጋር፣ ጥፋቱን ሳያምን 690 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2009 ደግሞ ክኒኑን ላልተፈቀደበት ነገር፣ መርሳት ለያዛቸው አዛውንቶች ሲያስተዋውቅ መቆየቱን አምኖ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ሻጮቹ መፈክር ነበራቸው፤ "5 በ5"። በእነሱ ሰዓት አቆጣጠር 5 ሚሊግራም ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ አዛውንቶቹን ያስተኛል ለማለት። በኛ 11 ሰዓት መሆኑ ነው። ይሄን ሳነብ የክኒናችን ፖስታ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው "1×1 ማታ" ፊቴ ድቅን አለ።

የወንድሜ ክኒን የሊሊ አይደለም። ኮፒ ነው፣ ሌላ ሀገር የተሠራ። የማን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። እዚህ ላይ ነው መቀሱ የሚመጣው።

ስኳሩ የተገኘ ዕለት ነርሷ ቢጫ ቅጽ አወጣች። መድኃኒት ጉዳት ሲያደርስ ተሞልቶ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚላክ ነው። ዕድሜ፣ ኪሎ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ቶሎ ቶሎ ጻፈች። አምራችና ባች ቁጥር (ክኒኑ በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚለየው) ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ።

"ካርቶኑ አለሽ?"

ካርቶን አይቼ አላውቅም። ፖስታውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረገፍኩላት። ሙሉዎቹ ስትሪፖች አልቀው ተጥለዋል። የቀረችው ቁጥሩን ለመሙላት ተቆርጣ የተጨመረችው ናት፤ አራት ፍሬ፣ ጠርዟ በመቀስ የተከረከመ፣ ጀርባዋ ላይ "ላንዛ" የሚል ግማሽ ቃል ያለባት። ባች ቁጥሩ በሌላኛው ጫፍ ሱቅ ቀርቷል። ያ የቅጹ ቦታ ባዶውን ሄደ።

ከኩባንያ ጋር መጠያየቅ የሚባለው ነገር ለኛ የሚያልቀው እዚህ ነው። ጠበቃና ፍርድ ቤቱ ይቅርና ተከሳሹ ማን እንደሆነ አናውቅም። አሜሪካም ቢሆን ገነት አይደለችም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ2011 የኮፒ መድኃኒት አምራችን ማስጠንቀቂያህ ጎደለ ብሎ መክሰስ አይቻልም ብሏል፣ ወረቀቱን ከዋናው ይገለብጣል እንጂ መቀየር አይችልም በሚል። ቢሆንም የያዙት ክኒን የማን እንደሆነ ያውቃሉ።

በማግሥቱ በንዴት ደሴ ወጣሁ። ልጅቷ አልተቆጣችም። መሳቢያውን ስባ ካርቶኑን አሳየችኝ። 100 ፍሬ። ውስጡ አንድ ወረቀት። "እህቴ፣ አንዱን ወረቀት ለስንት ሰው ላድለው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። መቀሱን ያስያዛት መቶ ፍሬ ባንድ ወረቀት የላከልን አምራች ነው። ወረቀቱ ጉንዳን በሚያክል ፊደል የተጻፈ እንግሊዝኛ ሲሆን፣ በስልኬ አጉልቼ ሳነበው የክብደት መጨመርም የስኳር መጨመርም ቁጭ ብለዋል። ማስጠንቀቂያው ደሴ ድረስ መጥቷል ማለት ነው። መሳቢያ ውስጥ ነው የቀረው። አምራቹ ቢጠየቅ "ጽፌያለሁ" ይላል፣ ጽፏልም።

በነገራችን ላይ ወንድሜ ክኒኑን አላቋረጠም። ባንዴ ማቆም በሽታውን እንደሚቀሰቅሰው ሐኪሙ ደጋግሞ ነግሮናል፤ ይሄን አንብባችሁ መድኃኒት እንዳትጥሉብኝ። ሜትፎርሚን የሚባል የስኳር መድኃኒት ተጨመረለት፣ ስኳሩን በየወሩ ይለካል፣ ኪሎውን የምንለካው ቤት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረብን ይሄንኑ ነበር።

እና እዚያ ከሄዳችሁ ሂዱ፣ ፋርማሲው ጥሩ ነው። ግን ስትሪፑ ከመቆረጡ በፊት ካርቶኑን በስልካችሁ አንሱት፣ አራቱንም ጎን፣ ወረቀቱንም ጭምር። አይከለክሉም። የጎዳችሁ ነገር ካለ ለባለሥልጣኑ 8482 ላይ በነጻ መደወል ይቻላል።

ባለፈው ወር ስገባ ልጅቷ ገና ሳታየኝ ሳቀች። መቀሱን አስቀምጣ የአምራቹን ስምና ባች ቁጥሩን ከ"1×1 ማታ" ሥር ጻፈችልኝ። አመስግኜ፣ ፖስታውን አጥፌ፣ በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ተሰልፈው ለነበሩት እናት መቀሱ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ሰማሁት።